የጉድጓድ ውሃ ላላቸው ቤቶች፦ መዝጊያው የት ነው?

(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ የውሃና የንጽሕና ኮሚቴው ያደረገው ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እጅግ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ አንድ የቧንቧ መዝጊያ፣ ባለሙያዎቹ ቫልቭ ስለሚሉት ዕቃ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ መናገር ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። ነገሩን ያነሣነው ስለ ብረቱ ብለን አይደለም። ብረቱ በሌለበት፣ ወይም አለቦታው በገባበት ግቢ ምን እንደሚደርስ በየቤቱ ስንዞር ስላየን ነው።

በመንደራችን ጉድጓድ ያስቆፈረው ቤት ብዙ ነው። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ያውም ሌሊት መጥቶ ሊነጋጋ ሲል ስለሚሄድ፣ ሰው ግቢውን ቆፍሮ ፓምፕ ማስገባቱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገር ግን ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ሌላ ነው፤ ፓምፑን የሸጠው ሌላ፣ ቧንቧውን የዘረጋው ሌላ፣ ሮቶውን ከፍ አድርጎ ያስቀመጠው ደግሞ ሌላ። ሁሉም የየድርሻውን ሠርቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። ውሃው ወጣ ተብሎ እልል ተባለ። ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች መካከል «አንድ ነገር ቢበላሽ ይህን ውሃ በየት በኩል ታቆሙታላችሁ?» ብሎ የጠየቀ የለም።

እስቲ እያንዳንዳችሁ በልባችሁ አስቡት። ዛሬ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የመታጠቢያ ቤታችሁ ቧንቧ ቢፈነዳ የምትዘጉት የቱን ነው? የከተማው ውሃ ከሆነ ቆጣሪው ዘንድ መዝጊያ አለ፤ ቢቸግር ጎረቤትም ያውቀዋል። የጉድጓዱ ውሃ ግን ቆጣሪ የለውም፤ መዝጊያ ይኑረው ብሎ የሚያስገድድም የለም። አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ የሚሰጠን መልስ «ሶኬቱን እነቅላለሁ» የሚል ነው። ሶኬት መንቀል ፓምፑን ያቆመዋል፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ሮቶ ግን አያቆመውም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የፈነዳው ቧንቧ በየደቂቃው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ውሃ ይለቃል እንበል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በ50 ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይሆናል። አለቀ ስትሉ አያልቅም፤ ሮቶው ሲጎድል ፓምፑ በራሱ ይነሣና መልሶ ይሞላዋል። የቤቱ ሰው ሳይነቃ 8 ሰዓት ቢፈስ 9,600 ሊትር፣ ማለት 480 ጀሪካን ውሃ ነው። ጉድጓዱ ይህን ያህል ውሃ ከሌለው ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል። ውሃው ያልቅና ፓምፑ በደረቁ ይዞራል። ጉድጓድ ውስጥ የሚሰምጠው ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውሃ ስለሆነ፣ በደረቁ ሲዞር ይቃጠላል። ጠዋት የሚገኘው እንግዲህ የራሰ ፍራሽ፣ ያበጠ ቁም ሣጥን፣ የተቃጠለ ሞተርና ባዶ ጉድጓድ ነው። ይህን ሁሉ በመዳፍ የሚያዝ አንድ መዝጊያ ያስቀረው ነበር።

በሉ እንግዲህ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ አብረን እንከተል። ውሃው ከጉድጓዱ በፓምፕ ይነሣል። ከፓምፑ አጠገብ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ አለ። ከዚያ በቱቦ ሽቅብ ወጥቶ ሮቶው ውስጥ ይገባል፤ ከሮቶው በራሱ ክብደት ወርዶ ወደ ቤት ይገባል፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ ሽንት ቤት፣ ወደ ቦይለር ይከፋፈላል። በዚህ መንገድ ላይ ሁሉ ቦታ መዝጊያ መደርደር አያስፈልግም። ግን ሦስት ቦታዎች አሉ፤ እነዚህ ባዶ መሆን የለባቸውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ከሮቶው እንደወጣ የሚገጠመው ነው። ከሮቶው ሥር ከሚወጣው ቱቦ ላይ፣ ሌላ ምንም ሳይቀጠል በፊት፣ ሰው ቆሞ በእጁ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሆን አለበት። «በእጁ ሊደርስበት» ያልነው አውቀን ነው። አንዳንዱ ቤት መዝጊያው አለ፤ ግን አራት ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ላይ ከሮቶው ጋር ተሰቅሏል። በጨለማ፣ በዝናብ፣ መሰላል ፍለጋ ጎረቤት እየቀሰቀሱ የሚዘጉት መዝጊያ እንደሌለ ይቆጠራል። ሮቶው ከፍ ያለ ከሆነ ከላይ አንድ፣ ቱቦው ወርዶ ሰው ቁመት ላይ ሲደርስ ሌላ አንድ ይገጠም። የላይኛው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ የሚዘጋው የታችኛው ሲለወጥ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቱቦ ራሱ ከፈነዳ የሚያድናችሁ የላይኛው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ዋና ቤት፣ ሰርቪስ ቤትና የሚከራዩ ክፍሎች አሉ። ለያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱ መዝጊያ ቢኖረው የተከራዩ ቧንቧ ሲበላሽ የባለቤቱ ልጆች ሳይታጠቡ ትምህርት ቤት አይሄዱም፤ ተከራዩም በባለቤቱ ጥፋት አይጠማም። በየሽንት ቤቱ ገንዳና ከቦይለሩ በፊት በቀዝቃዛው መስመር ላይ ትንንሾቹ ቢጨመሩ መልካም ነው፤ የሚብሰለሰለው ብልሽት ብዙ ጊዜ ከሽንት ቤቱ ገንዳ ስለሚጀምር።

ሦስተኛው ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ፓምፑ ወደ ላይ የሚልክበት ቱቦ ላይ የሚገጠመው ነው። ይህኛው የሚጠቅመው ፓምፑ ለጥገና ሲወጣ ነው። ከጎኑ ዩኒየን ይደረግበት። ዩኒየን ማለት ቱቦውን ሳይቆርጡ ፈትቶ መልሶ ለመግጠም የሚያስችል መገጣጠሚያ ነው። ዩኒየን በሌለበት ቤት ፓምፕ ለማውጣት መጋዝ ይመጣል፤ መጋዝ ከመጣ ደግሞ አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ማያያዣ፣ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። መስመሩ ዝቅ ከሚልበት ቦታም አንዲት ትንሽ ማፍሰሻ ቧንቧ ትጨመር፤ መስመሩን ለማድረቅም፣ ውሃው ለምርመራ ሲወሰድ ናሙና ለመቅዳትም ታገለግላለች።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህ ሦስተኛው መዝጊያ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ፓምፑ እየሠራ ሳለ ማንም ሰው ሊዘጋው አይገባም። ፓምፕ መውጫው ሲዘጋበት አይቆምም፤ ያንኑ ውሃ እያመሰ ይዞራል፤ ውሃው ይሞቃል፤ ማሸጊያው ይበላሻል። ግፊቱም ፓምፑ እስከሚችለው ድረስ ይወጣል። ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከፍተኛው የማንሳት ዐቅም 60 ሜትር የሚል ከሆነ፣ 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሆነ፣ ቱቦው ላይ የሚያርፈው ወደ 6 ባር ነው። ያረጀ ቱቦ ወይም በደንብ ያልተበየደ ማያያዣ ይህን አይችልም። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፣ ከዚያ መዝጊያው ይዘጋ። ሲመለስም መዝጊያው ይከፈት፣ ከዚያ ብሬከሩ ይነሣ። አንዳንድ ቤት የመዝጊያውን እጀታ ነቅለው ከብሬከሩ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ እጀታውን ለማምጣት የሄደ ሰው ብሬከሩን ሳያየው አይመለስም።

ሮቶው ሲሞላ በራሱ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስም በዚሁ ዐይን እዩት። ኳሱ ለከተማው ውሃ ደኅና ዕቃ ነው። ከፓምፕ በሚመጣው መስመር ላይ ብቻውን ሲሆን ግን ሮቶው በሞላ ቁጥር የፓምፑን አፍ ያፍናል ማለት ነው። ለፓምፕ የሚስማማው ሮቶው ሲሞላ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ባለ ሽቦ ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው። ሌላ አንድ ማብሪያ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ቢወርድ፣ ውሃው ሲጎድል ሞተሩን አቁሞ ከመቃጠል ያድነዋል።

በሮቶ ፈንታ የግፊት ታንክ ያስገጠማችሁም አላችሁ። በእናንተ ቤት ግፊቱን እያየ ሞተሩን የሚያስነሣና የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ከታንኩ አጠገብ ተቀምጧል። በፓምፑና በዚህ መሣሪያ መካከል መዝጊያ አይገባም። ገብቶ ከተዘጋ መሣሪያው ግፊት መጨመሩን አያይም፤ ባለማየቱም ሞተሩን አያጠፋም። የናንተ ዋና መዝጊያ ቦታው ከታንኩ በኋላ፣ ወደ ቤት በሚሄደው መስመር ላይ ነው። እዚያ ቢዘጋ ታንኩ ይሞላል፣ መሣሪያው ያያል፣ ሞተሩ ይቆማል፤ ሰላም ነው። ወደፊት ታንኩን ለመለወጥ ይቸግረናል ያለ፣ ዩኒየን ያስገባ።

ፓምፓችሁ ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ዐይነት ከሆነ ደግሞ ስለ መምጠጫው ቱቦ አንድ ቃል እንጨምር። ፓምፕ ውሃን ጎትቶ የሚያወጣ ይመስለናል እንጂ ሽቅብ የሚገፋው አየሩ ነው። በባሕር ዳርቻ ያለው አየር ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ይገፋል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በስሌት ከ8 ሜትር አያልፍም፤ በተግባር 5 ወይም 6 ሜትር ከሳበ ጥሩ ፓምፕ ነው። ስለዚህ በመምጠጫው በኩል የሚጨመር እያንዳንዱ መገጣጠሚያና መዝጊያ ከዚችው ከጥቂቷ ላይ ይቀንሳል፤ ትንሽ አየር ካስገባም ፓምፑ ውሃውን ይጥላል። በዚያ በኩል የሚያስፈልገው ከሥር ያለው ቼክ ቫልቭ ብቻ ነው። ከዚህ የጠለቀ ጉድጓድ ያለው ሰው የሚሰምጠውን ፓምፕ ይግዛ እንጂ ከላይ ያለውን ሞተር በየወሩ አይለዋውጥ።

የመዝጊያው ዐይነት ሁለት ነው ብትሉ አትሳሳቱም። አንደኛው በመዘውር የሚዞረው ጌት ቫልቭ ነው፤ ብዙ ዙር ይፈልጋል። ሁለተኛው ባለ ረጅም እጀታው ቦል ቫልቭ ነው፤ በሩብ ዙር ይዘጋል። ለቤት የምንመክረው ቦል ቫልቭን ነው። ምክንያቱም ከሩቅ አይቶ መክፈቱን መዝጋቱን ማወቅ ይቻላል። እጀታው ከቱቦው ጋር ከተጋደመ ክፍት ነው፤ ቱቦውን ካቋረጠ ዝግ ነው። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅም በአንድ ጊዜ ማስተማር ይቻላል። ጌት ቫልቭ ግን ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር ዝገትና አሸዋ ይይዘዋል፤ በጭንቅ ቀን ሲያዞሩት ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ዘንጉ ተሰብሮ መዘውሩ እጅ ላይ ይቀራል። ቦል ቫልቭም ቢሆን ነውር አለው፤ ግማሽ ተከፍቶ እንዲኖር አይወድም፣ የውስጥ ማሸጊያውን ውሃው ይበላዋል። በድንገት ጠቅ አድርገው ሲዘጉትም የሚሮጠው ውሃ ግድግዳ እንደመታ መኪና ቱቦውን ይመታዋል፤ ያ በግድግዳ ውስጥ የምትሰሙት «ዷ!» የሚል ድምፅ እርሱ ነው። ቀስ ብሎ መዝጋት ነው።

ገበያ ስትወጡ ስፋቱ ከቱቦው ጋር እኩል የሆነውን ግዙ፤ የጠበበ መዝጊያ ቀድሞውንም ደካማ የሆነውን የሮቶ ውሃ ይባስ ያደክመዋል። ሮቶው ከቧንቧው በ3 ሜትር ቢበልጥ የሚገኘው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። በእጃችሁም መዝኑት። የነሐሱ ከበድ ይላል፤ ላዩ ብቻ የተለበጠው ይቀላል። በዋጋ ያለው ልዩነት ግን ለሠራተኛ ሁለተኛ ጊዜ ከሚከፈለው ያንሳል። ከገጠማችሁ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ክረምቱ ሊገባና ሲወጣ፣ ሁሉንም ዝጉና ክፈቱ። የማይነካ መዝጊያ ይደርቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። እስከዚህ የተናገርነው ባለቤቱን ብቻ የሚጎዳ ነገር ነበር። የሚከተለው ግን መንደሩን በሙሉ ይነካል።

በርከት ባሉ ግቢዎች የከተማው መስመርና የጉድጓዱ መስመር በአንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል። በመካከላቸው መዝጊያ ተደርጓል። የከተማው ሲመጣ የጉድጓዱን እንዘጋለን፣ ሲሄድ ይህን ዘግተን ያንን እንከፍታለን ይላሉ፤ የሠራላቸውም ሰው እንዲሁ ብሏቸዋል። በሐሳብ ደረጃ ያማረ ነው። ነገር ግን የከተማው ውሃ በሄደ ሰዓት በመንገዱ ሥር ያለው ትልቁ ቱቦ ምን እንደሚሆን አስተውሉ። ግፊቱ ይወርዳል። ከታች ሰፈር ያሉ ቤቶች ቧንቧ ሲከፍቱ በቱቦው የቀረውን ውሃ ይወስዱታል፤ ቱቦውም በፈንታው ከላይ ካለው ይመጣል። በዚያ ሰዓት የእናንተ መዝጊያ ረስታችሁት ክፍት ከሆነ፣ ወይም ዝግ መስሎ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ የጉድጓዳችሁ ውሃ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ወጥቶ የጎረቤቶቻችሁ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። ፓምፓችሁ እየሠራ ከሆነ ደግሞ በኃይል ይገፋዋል።

የጉድጓድ ውሃችን እንዴት ያለ ነው? መጸዳጃ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው ምክር በሰፊው የታወቀ ነው። የእኛ መንደር ቦታ ብዙው 200 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ግቢ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 22 ሜትር ከምናምን ነው። ስለዚህ በግቢያችን ውስጥ የትም ብንቆፍር ከራሳችን ሴፕቲክ ታንክ 30 ሜትር ልንርቅ አንችልም። ከራሳችን ብንሸሽ ደግሞ የጎረቤት ይጠብቀናል። ውሃው ጥርት ብሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ሲቀምሱት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጀርም በዐይን አይታይም፤ ጣዕምም የለውም። የመጠጥ ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ምልክት የሆነው ባክቴሪያ አንድም እንዳይገኝበት ነው የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው። ይህን የሚያውቀው ላቦራቶሪ እንጂ ምላስ አይደለም።

ይህ ነገር የድኻ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1933 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲደረግ፣ እንግዶች ባረፉባቸው ሁለት ሆቴሎች ውስጥ የመጠጥ ውሃው መስመርና የፍሳሹ መስመር አለአግባብ ተገናኝተው ስለነበር የአሜባ ተቅማጥ ተነሣ። 1,400 የሚያህል ሰው ታመመ፤ መቶ የሚጠጋ ሞተ። ሆቴሎቹ ትልልቅ፣ እንግዶቹም ገንዘብ ያላቸው ነበሩ። ብዙዎቹ የታመሙት ወደየአገራቸው ከተመለሱ በኋላ ስለነበር ምንጩን ለማግኘትም አስቸገረ። በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ማን ይመረምረዋል? የእትዬ እገሌ ልጅ ሆዱን ታመመ፣ የጋሼ እገሌም እንዲሁ፣ ብርዱ ነው፣ ምግቡ ነው እየተባለ ያልፋል።

«እኔ ቼክ ቫልቭ አስገብቻለሁ» የሚል ይኖራል። ቼክ ቫልቭ ውስጡ አንዲት ክዳን ናት። ከጉድጓዱ የሚመጣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከክዳኗ ሥር ከገባች አትገጥምም፤ አለመግጠሟንም ከውጭ የሚያይ የለም። ስለዚህ የኮሚቴያችን አቋም ግልጽ ነው። የከተማውን ውሃና የጉድጓዱን ውሃ ለመለየት በመዝጊያም ሆነ በቼክ ቫልቭ መተማመን አይቻልም። የሚለያቸው አየር ብቻ ነው።

አየር ማለታችን እንዲህ ነው። የከተማው ቱቦ ከጉድጓዱ ቱቦ ጋር በየትም ቦታ አይነካካ። ወደ ሮቶው በላይ በኩል ይግባና ውሃው ከላይ ይውደቅ። የቱቦው አፍ ሮቶው ሞልቶ ከሚፈስበት ከፍታ በላይ የቱቦውን ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ቢያንስ ግን 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል። ውሃ ሽቅብ ዘሎ ያችን ክፍተት አይሻገርም። ወጪው አንድ ክንድ ቱቦ ነው። ከሮቶው ሥር ወይም ከጎኑ ከውሃው በታች የሚገባ የከተማ መስመር ያለው ሰው ይህን ዛሬ ነገ ሳይል ይለውጠው።

ከዚህ የተሻለው ሁለት ሮቶ ነው። አንዱ ለከተማው፣ አንዱ ለጉድጓዱ፤ መስመራቸውም እስከ መጨረሻው ሳይገናኝ። የጉድጓዱ ለሽንት ቤት፣ ለልብስ፣ ለግቢ ማጽጃና ለአትክልት ይሁን። የከተማው ለወጥ ቤት። ሁለት ሮቶ መግዛት ሁሉም አይችልም፤ እናውቃለን። ሁለቱን ውሃ በአንድ ሮቶ የሚያጠራቅም ሰው ግን እቤቱ ያለው ውሃ በሙሉ የጉድጓድ ውሃ መሆኑን ይወቅ። ግማሹ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። የሚጠጣውን ያፍላ ወይም ያክም፤ በተለይ ሕፃን ያለበት ቤት።

መዝጊያ የምታስገጥሙበት ቀን ሲደርስ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ እንመክራለን። ብሬከሩ ይውረድ፤ ሰው መልሶ እንዳያነሣውም ወረቀት ይለጠፍበት። ቦይለሩም ይጥፋ፤ ውሃ ተቋርጦበት የሚሞቅ ቦይለር አደገኛ ነው። ቦይለሩ ላይ ግፊት ሲበዛ የሚተነፍስበት ትንሽ ቫልቭ አለ፤ በእርሱና በቦይለሩ መካከል መዝጊያ ማግባት ቦምብ እንደመሥራት ነው፤ ያንጠባጥባል ብሎ መድፈንም ያው ነው። ከዚያ የመስመሩ ግፊት በማፍሰሻው በኩል ይውጣ፣ ቱቦው ይቆረጥ፣ መዝጊያው ይግባ። ጥርስ ላለው መገጣጠሚያ ቴፍሎኑ ጥርሱ በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠቅለል። ሲያልቅ ውሃው ቀስ ተብሎ ይለቀቅ፣ አየሩ በቅርብ ባለው ቧንቧ ይውጣ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በደረቅ ወረቀት ይዳሰስ።

መስመር ሲከፈት ቆሻሻ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ከሥራው በኋላ ሮቶውና መስመሩ በክሎሪን ይታጠብ። ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ ለሞላ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር ይበቃል። ክሎሪን እስኪሸት ድረስ በየቧንቧው ይለቀቅ፣ ይዘጋ፣ ይደር፤ በማግሥቱ ሽታው እስኪጠፋ ይፍሰስ። በዚያ ሌሊት ማንም አይጠጣው፤ ልጆቹንም ንገሯቸው። በረኪናውን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አዩ እንግዲህ፣ መዝጊያ ያለው ቤት ሮቶውን ለይቶ ሲያጥብ ሌላው መስመር ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንለምናለን። ለመዝጊያም ይሁን ለፓምፕ፣ ወደ ጉድጓዱ ማንም አይውረድ። ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ሰው የሚኖርበት ላይሆን ይችላል። የወደቀውን ለማውጣት የገባውም አብሮ ይቀራል። ፓምፑ በገመድ ከላይ ይሳብ። በነዳጅ የሚሠራ ሞተርም በጉድጓዱ አፍ ወይም ውስጥ አይነሣ፤ ጭሱ ወደ ታች ይተኛል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው የቤቱ ሰው ማወቁ ነው። ቧንቧ የሚፈነዳው አባወራው ቤት ባለበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ለቅሶ ተሄዶ፣ ሠርግ ተሄዶ፣ እማማና አንዲት የቤት ሠራተኛ ብቻ ሲቀሩም ይፈነዳል። እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ተከራይም ቢሆን፣ መዝጊያው ዘንድ ተወስዶ በገዛ እጁ አንድ ጊዜ ይዝጋ፣ ይክፈት። እጁ ያደከመ ሰው ካለ የእጀታው መርዘም ይታሰብበት። ለመለየት እንዲያመች ማኅበሩ አንድ ዐይነት ቀለም መርጧል፤ የከተማው ውሃ መዝጊያ ሰማያዊ፣ የጉድጓዱ ቀይ ይቀባ። ጎረቤት ለእርዳታ ሲሮጥ የማንም ግቢ ቢሆን ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመርና መዝጊያ አትንኩ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው። የእናንተ ከቆጣሪው በኋላ ያለው ነው።

ኮሚቴው በሚቀጥሉት አራት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከላይኛው መንገድ ተነሥቶ በየግቢው ይዞራል። የምንመጣው ለመቅጣት ወይም ስም ለመመዝገብ አይደለም። ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ግቢ ካለ አብረን እናያለን፤ ቱቦውን ከሮቶው በላይ ለማዞር ዐቅም የሌለው ቤት ካለም ለኮሚቴው ሰብሳቢ በግል ይንገር፤ ወጪውን ከማኅበሩ ሣጥን ለመሸፈን ተስማምተናል። የሁለቱ ውሃ መገናኘት የሁላችንም ጉዳይ ስለሆነ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይህ ይቀድማል። ቱቦ መቁረጫና መፍቻ አለን። የጎደለን ረጅም መሰላል ነው፤ ያለው ሰው ቢያውሰን በዚያው ቅዳሜ ማታ መልሰን እናደርሳለን።